የጊታር አምፕሊፋየሬ የመውጫ ትራንዚስተሮች ተቃጠሉ፤ አዲስ ከማስገባቴ በፊት ምን ልመርምር?

ክራርና ጊታር (ደብረ ብርሃን)፦

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፣ ጤና ይስጥልኝ። አንድ ባለ 60 ዋት የጊታር አምፕሊፋየር ተበላሽቶብኝ ምክራችሁን እሻለሁ። ሙሉ በሙሉ በትራንዚስተር የሚሠራ ሲሆን በውስጡ ባለ 12 ኢንች፣ 8 ኦም ስፒከር አለው። ከፋሲካ በኋላ ሸዋ ሮቢት በተደረገ ሠርግ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በጀነሬተር እየሠራ ሳለ፣ የድምፁን ሥራ የያዘው ባለሙያ «ከኋላ ያሉት ሰዎች አይሰሙም» ብሎ በጀርባው ባለው መውጫ ላይ ሌላ የ8 ኦም ስፒከር ጨመረበት። ትንሽ እንደ ተጫወትን ድምፁ መሻከር ጀመረ፤ ቀጥሎ ከስፒከሩ ከባድ «ዱብ» የሚል ድምፅ ወጣና ጸጥ አለ።

ወደ ቤት ወስጄ ስከፍተው ፊውዙ ተቃጥሏል፤ በተመሳሳይ ፊውዝ ተክቼ ባበራው እሱም ወዲያው ተቃጠለ። የመውጫ ትራንዚስተሮቹ ቲፕ 142 እና ቲፕ 147 ናቸው። ከቦርዱ ሳላወጣቸው በመልቲሜትር ስለካ ቲፕ 142 በኮሌክተርና በኤሚተር መካከል (ከሦስቱ እግሮቹ ሁለቱ ናቸው፤ ሦስተኛው ቤዝ ይባላል) በሁለቱም አቅጣጫ ዜሮ ያሳያል። ቲፕ 147 ደግሞ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ወደ 0.5 አካባቢ ያነብባል፤ በቤዝና በኤሚተሩ መካከል ግን በሁለቱም አቅጣጫ ንባብ ስላለው እሱም የሞተ መስሎኛል። ከቲፕ 142 ኤሚተር ጋር የተያያዘው ነጩ የ0.33 ኦም፣ 5 ዋት ሪዚስተር ከመሐሉ ተሰንጥቋል። ትራንስፎርመሩ ሁለት ጊዜ 24 ቮልት ይሰጣል፤ ቦርዱ ላይም +35 እና −35 ቮልት የሚል ጽሑፍ አለ።

ጥያቄዬ ሦስት ነው። ቲፕ 147 በእርግጥ ተቃጥሏል ወይ? ሁለቱን ትራንዚስተርና የተሰነጠቀውን ሪዚስተር ቀይሬ ባበራው ይበቃል ወይ? ከእነዚህስ የበለጠ ጉልበት ያለው ትራንዚስተር ማስገባት ይቻላል ወይ?

የመሐል ሜዳው፦

ወንድሜ፣ ከሁለተኛው ጥያቄዎ ልነሣ፤ ገንዘብ የሚያስወጣው እሱ ነውና። ቀይረው በቀጥታ ሶኬት ላይ አይሰኩት። የመውጫ ትራንዚስተር ሲሞት ብቻውን የሚሞትበት ጊዜ ጥቂት ነው። ኮሌክተርና ቤዙ ሾርት ካደረጉ 35ቱ ቮልት በቀጥታ ከመውጫው በፊት ወዳለው ደረጃ ይገባና ትንንሾቹን ትራንዚስተሮች፣ በቤዙ መንገድ ላይ ያሉትን ሪዚስተሮችና የባያስ ክፍሉን (የመውጫ ትራንዚስተሮቹ ድምፅ በሌለበትም በትንሹ ተከፍተው እንዲጠብቁ መነሻ ቮልት የሚሰጠውን) ይነካል። ከእነዚህ አንዱ ተበላሽቶ ሳይታይ ከቀረ፣ አዲሱ ትራንዚስተር መብራት ባገኘበት ቅጽበት አሮጌውን ይከተላል።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ስመለስ፣ የገለጹልን ንባብ የቲፕ 147ን ሞት አያስረዳም። ቲፕ 142 እና ቲፕ 147 ዳርሊንግተን ናቸው፤ ማለትም በአንድ አካል ውስጥ ሁለት ትራንዚስተሮች ተከታትለው ተሠርተዋል። በውስጣቸውም በቤዝና በኤሚተር መካከል ሪዚስተሮች፣ በኮሌክተርና በኤሚተር መካከል ደግሞ መከላከያ ዳዮድ አለ። ስለዚህ ደኅነኛ የሆነ ዳርሊንግተን ከኮሌክተር ወደ ኤሚተር በአንድ አቅጣጫ 0.5 አካባቢ ማሳየቱ ዳዮዱ ነው፤ ቤዝና ኤሚተሩ በሁለቱም አቅጣጫ ማንበባቸውም ሪዚስተሮቹ ናቸው። እንደ ተራ ትራንዚስተር ለክቶ «ሞቷል» ማለት የተለመደ ስሕተት ነው። ደግሞም ቦርዱ ላይ ተተክሎ ሳለ የሚወሰድ ንባብ ሌሎቹን ክፍሎች አብሮ ስለሚያነብብ እምነት አይጣልበትም፤ ሦስቱንም እግሮች አውጥተው እንደገና ይለኩ።

ይህን ብዬ ግን፣ ቲፕ 147 ደኅና ሆኖ ቢገኝም ሁለቱን በአንድ ላይ ይቀይሩ። ጓደኛው ሾርት ባደረገ ጊዜ ምን ያህል ሙቀትና ከረንት እንዳለፈበት መልቲሜትር አይነግረንም።

ቦርዱን ከመንካትዎ በፊት ሁለቱን ትልልቅ ካፓሲተሮች ያራግፉ። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ቻርጅ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። አንዳንዱ በካቻቢቴ ሾርት አድርጎ ብልጭታውን እያየ ይስቃል፤ እርስዎ ግን የ100 ኦም፣ 5 ዋት ሪዚስተር በፕላስቲክ በተሸፈነ ሽቦ አስረው በእያንዳንዱ ካፓሲተር ላይ ለጥቂት ሰከንድ ይያዙና ወደ ዜሮ መውረዱን በመልቲሜትር ያረጋግጡ።

የፍቼው፦

የመሐል ሜዳው ወንድማችን ያሉት ሁሉ ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ስፒከሩን ነው፤ ጥያቄው ውስጥ ስለ እሱ ምንም አልተነገረም። ቲፕ 142 ሾርት ሲያደርግ +35ቱ ቮልት በ0.33 ኦሙ ሪዚስተር አልፎ በቀጥታ ስፒከሩ ላይ ወድቋል፤ ያ «ዱብ» ያለው ድምፅም ኮኑ (የስፒከሩ የሚርገበገበው ወረቀት) ወደ አንድ ወገን ተገፍቶ ሲቀር የተሰማ ይመስለኛል። ፊውዙ ቶሎ ካልተቃጠለ የስፒከሩ መጠምጠሚያ ይነዳል።

ሽቦውን ከአምፕሊፋየሩ ላይ ነቅለው በኦም ይለኩት። የ8 ኦም ስፒከር በመልቲሜትር ሲለካ ከ6 እስከ 7 ኦም ገደማ ማንበብ አለበት፤ ምንም ካላነበበ ተቆርጧል፤ ከ3 ወይም ከ4 በታች ካነበበ መጠምጠሚያው እርስ በርሱ ተጣብቋል። ቁጥሩ ደኅና ከሆነም ኮኑን በአራቱም ጣቶችዎ በእኩል ኃይል ቀስ ብለው ወደ ውስጥ ይግፉትና ያዳምጡ። የመፋቅ ድምፅ ካለ መጠምጠሚያው ከሙቀት የተነሣ ቅርጹን ለቅቋል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ስፒከር ለጊዜው ይጮኽና ሌላ ቀን ሾርት ሆኖ አዲሶቹን ትራንዚስተሮች ይዞ ይሄዳል። ያን ተጨማሪ ስፒከርና ገመዱንም ሳይለኩ አይለፉ።

ጣርማበር፦

እኔ በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ሐሳብ አለኝ። ቲፕ 142 ደካማ ነው። በ2ኤስሲ 5200 እና በ2ኤስኤ 1943 ይተኩት፤ 230 ቮልትና 15 አምፔር ይችላሉ፤ የእግሮቻቸውም ቅደም ተከተል አንድ ነው፤ ቤዝ፣ ኮሌክተር፣ ኤሚተር። በትልልቅ የሙዚቃ መሣሪያዎች ውስጥ የሚገኙት እነሱ ናቸው። አንዴ ከገቡ ስለ ሙቀት ማሰብ ይቀራል።

የመሐል ሜዳው፦

ጣርማበር፣ ይህን ምክርህን ጠያቂው ሳይሞክሩት በፊት ማረም ይገባኛል። የእግሮቹ ቅደም ተከተል አንድ መሆኑ እውነት ነው፤ አደጋው የሚመጣውም ከዚያው ነው፤ ምክንያቱም ያለ ምንም ችግር ቦርዱ ላይ ይቀመጣሉ።

2ኤስሲ 5200 ዳርሊንግተን አይደለም። ዳርሊንግተን ለመከፈት በቤዝና በኤሚተሩ መካከል ወደ 1.2 ቮልት ይፈልጋል፤ ስለዚህ የዚህ አምፕሊፋየር የባያስ ክፍል በሁለቱ ቤዞች መካከል ወደ 2.4 ቮልት የሚጠጋ እንዲሰጥ ተደርጎ ተሠርቷል። ተራው ትራንዚስተር የሚፈልገው የዚያን ግማሽ፣ 0.6 ቮልት ብቻ ነው። በ2.4 ቮልት ባያስ ላይ 5200ን እና 1943ን ካስቀመጥን ሁለቱም በአንድ ጊዜ ተከፍተው +35ን ከ−35 ጋር በቀጥታ ያገናኙታል፤ ሙዚቃ ሳይጀመር ያልቃሉ። ባያሱ ዝቅ ተደርጎ ቢስተካከል እንኳ ሌላ ችግር ይቀራል። ቲፕ 142 በ5 አምፔር ላይ ቢያንስ 1000 እጥፍ ያጎላል፤ 4 አምፔር ለማውጣት 4 ሚሊአምፔር ይበቃዋል። 5200 ግን 60 እጥፍ ያህል ያጎላል ብንል ለዚያው 4 አምፔር ከ65 ሚሊአምፔር በላይ ይጠይቃል፤ ከመውጫው በፊት ያለው ትንሽ ትራንዚስተር ይህን የመስጠት አቅም የለውም። በመካከል ድራይቨር (የመውጫውን ትራንዚስተር የሚነዳ ሌላ ትራንዚስተር) ካልተጨመረ በቀር ነገሩ አይሆንም፤ ያ ደግሞ ጥገና መሆኑ ቀርቶ አዲስ አምፕሊፋየር መሥራት ነው።

ቲፕ 142 ደካማ ነው ስለሚባለውም፣ ከ8 ኦም ጋር ደካማ አይደለም። በ35 ቮልት ላይ ድምፅ በሚሰጥበት ጊዜ እያንዳንዱ ትራንዚስተር በከፋው ሁኔታ ወደ ሙቀት የሚለውጠው 15 ዋት ተኩል ገደማ ነው። ሁለት የ8 ኦም ስፒከሮች ጎን ለጎን ሲታሰሩ 4 ኦም ይሆኑና ይኸው ወደ 31 ዋት ያድጋል፤ ከፍተኛው ከረንትም ከ4 አምፔር በታች የነበረው ወደ 7 አምፔር ተኩል ይጠጋል። ትራንዚስተሩ ላይ የተጻፈው 125 ዋት የሚሠራው አካሉ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ሳለ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ በየዲግሪው 1 ዋት ይቀነሳል። አካሉ 100 ዲግሪ ከደረሰ የቀረው 50 ዋት ነው፤ ቮልቴጁ ከፍ ባለ ጊዜ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። መሣሪያው የተቃጠለው በ4 ኦም ምክንያት ነው፤ የሠርጉ ቀን ሙቀት አፋጠነው።

ጣርማበር፦

ተቀብያለሁ። ስለ ባያሱ የተባለው አሳማኝ ነው።

የዓለም ከተማው፦

ስለ ሙቀቱ አንድ ነገር ልበል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ሙቀት ማስወጫው ብረት በዚያ አየር የሚሰጠው ሙቀት ቆላ ላይ ከሚሰጠው ያንሳል፤ ነገር ግን ብርዱ ይህን ያካክሰዋል። ጣርማበርን አልፈው ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ አየሩ ወፍራም ይሆናል፣ ግን ቀትሩ ከባድ ነው። ስለዚህ ቤትዎ ውስጥ በእጅ ሲነካ ለብ ያለ የሚመስል መሣሪያ ቆላ ላይ በዚያው ድምፅ ሊያቃጥል ይችላል። ከጀርባው ያለውን የአየር መግቢያ ግድግዳ ወይም የድንኳን ሸራ አያስጠጉበት፤ ፀሐይ ላይም አያስቀምጡት። ይህ ግን የ4 ኦሙን ነገር አይተካም።

ዕቃውን በተመለከተ፣ መርካቶ ወርደው ሲገዙ ሦስት ነገር ይመልከቱ። አንደኛ፣ ቲፕ 140፣ 141 እና 142 አንድ ዓይነት አካል አላቸው፤ የሚለያዩት በቮልቴጅ ሲሆን ቅደም ተከተሉ 60፣ 80 እና 100 ቮልት ነው። የቲፕ 145፣ 146 እና 147ም እንዲሁ ነው። ሻጩ «142 የለም፣ 140 ውሰድ፣ ያው ነው» ቢልዎ ያው አይደለም፤ አንዱ ትራንዚስተር ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ሌላው ከ+35 እስከ −35 ያለውን ወደ 70 ቮልት የሚጠጋ ይሸከማልና 60 ቮልቱ አይችለውም። ሁለተኛ፣ ከቁጥሩ መጨረሻ ቲ የሚል ፊደል ያለው አካሉ ትንሽ ነው፤ አቅሙም ያነሰ ነው። ሦስተኛ፣ ጽሑፉ በአልኮል ጥጥ ሲታሽ የሚለቅቅ ከሆነ፣ ወይም ጀርባው ላይ ያለው ብረት ስስና ክብደቱ ከአሮጌው በግልጽ ያነሰ ከሆነ ይተዉት። አሮጌዎቹን ትራንዚስተሮች ለማመሳከሪያ ይዘው ይሂዱ። ሚካ (ትራንዚስተሩን ከሙቀት ማስወጫው ብረት የሚለየው፣ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ ልጣጭ) እና ቴርማል ፔስትም (ሙቀት የሚያስተላልፍ ቅባት) አብረው ይግዙ።

ክራርና ጊታር፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቲፕ 147ን አውጥቼ ስለካው የመሐል ሜዳው እንዳሉት ደኅነኛ የዳርሊንግተን ንባብ ሰጠ። የራሱ የአምፕሊፋየሩ ስፒከር 6.3 ኦም ያነብባል፤ አይፋቅምም። የተጨመረው ስፒከር ግን 2 ኦም አካባቢ ነው የሚያሳየው! ስለዚህ አምፕሊፋየሩ ያየው ከ4 ኦምም በታች ነበር። አሁን አዲሶቹ ትራንዚስተሮች በእጄ ናቸው። ከመግጠሜ በፊት የቀረውን በቅደም ተከተል ብታስረዱኝ።

የመሐል ሜዳው፦

የተጨመረው ስፒከር ነገር ሁሉንም ገለጠው።

በቦርዱ ላይ ሁለቱን የ0.33 ኦም ሪዚስተሮች ይቀይሩ፤ ያልተሰነጠቀውንም ጭምር። ተራ መልቲሜትር ይህን ያህል ትንሽ ኦም በትክክል ስለማይለካ «ደኅና ነው» ለማለት አይመችም። በሁለቱ ቤዞች መንገድ ላይ ያሉትን ሪዚስተሮች አንድ እግራቸውን አውጥተው ይለኩ። በስፒከሩ መውጫ አጠገብ የ10 ኦም ሪዚስተርና የ0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በተከታታይ ታስረው ያገኛሉ፤ ሪዚስተሩ ከጠቆረ አምፕሊፋየሩ ጆሮ በማይሰማው ከፍተኛ ድግግሞሽ ይርገበገብ ነበር ማለት ነውና ሁለቱንም ይቀይሩ።

ከሁሉ በላይ ግን የባያስ ትራንዚስተሩን ይመልከቱ። በእንዲህ ያለ አምፕሊፋየር ብዙውን ጊዜ ቢዲ 139 ነው፤ ሙቀቱን እንዲከታተል ሙቀት ማስወጫው ብረት ላይ በብሎን ታስሮ በሦስት ሽቦ ከቦርዱ ጋር ይገናኛል። መሣሪያው በመኪና ሲመላለስ ከእነዚህ ሽቦዎች አንዱ ሶልደሩ ላይ በዓይን በማይታይ ክብ ስንጥቅ ይለቅቃል። የባያስ ትራንዚስተሩ ግንኙነቱ ሲቋረጥ ባያሱ አይጠፋም፤ እስከ ላይ ይወጣና ሁለቱንም የመውጫ ትራንዚስተሮች ያቃጥላል። ሦስቱንም ነጥቦች በአዲስ ሶልደር ያድሱ፤ ትራንዚስተሩም በብረቱ ላይ በደንብ መጥበቁን ያረጋግጡ።

ሲገጥሙ፣ አሮጌውን ቴርማል ፔስት ከፋርማሲ በሚገኝ አልኮል ይጥረጉ። (የከተማዎ አረቄ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ለሌላ ያቆዩት።) ብረቱ ላይ በጥፍር የሚሰማ ጉብታ ካለ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱት፤ ሚካን የሚበሳው እሱ ነው። ፔስቱ በሚካው በሁለቱም ገጽ ስስ ሆኖ ይቀባ፤ ሲበዛ ሙቀት ያግዳል። ብሎኑ ከጠበቀ በኋላ በትራንዚስተሩ ኮሌክተርና በሙቀት ማስወጫው ብረት መካከል በከፍተኛው የኦም መለኪያ ይለኩ፤ ምንም ማንበብ የለበትም። ካነበበ ፈትተው ሚካውን ይለውጡ እንጂ «በብሎን ቢጠብቅ ይስተካከላል» አይበሉ።

ለመጀመሪያው ማብራት፣ ወደ አምፕሊፋየሩ በሚሄደው የፌዝ ሽቦ ላይ የ60 ወይም የ100 ዋት ባለክር አምፖል በተከታታይ ይሰሩ። ቆጣቢው አምፖልና ኤልኢዲ ለዚህ አይሠሩም፤ የሚጠቅመን የክሩ ከረንት ሲበዛበት እየጋለ ኦሙን ማሳደጉ ነው። ጫጩት የሚያሞቁ ሰዎች ዘንድ የ100 ዋቱ ባለክር አምፖል አይጠፋም። የአምፖሉ ሽቦዎች 220 ቮልት የተሸከሙ ስለሆኑ ምንም የተራቆተ ነገር አይተዉ። ስፒከሩን ይንቀሉ፤ የድምፁን ቁልፍ ዜሮ ላይ ያድርጉ፤ የባያሱን ተስተካካይ ሪዚስተር ዝቅተኛው ባያስ ወደሚሰጥበት ጫፍ ይመልሱ። ከዚያ ያብሩ። አምፖሉ ካፓሲተሮቹ ሲሞሉ ቦግ ብሎ ወዲያው ከደበዘዘ ደኅና ነው። ቦግ እንዳለ ከቀረ ወዲያው ያጥፉ፤ ሾርት አሁንም አለ።

ከደበዘዘ፣ በስፒከሩ መውጫ ላይ ያለውን የዲሲ ቮልቴጅ ይለኩ፤ ከ50 ሚሊቮልት ካልበለጠ ጥሩ ነው። በቮልት የሚቆጠር ካለ ስፒከር አያገናኙ፤ ችግሩ ከመውጫው በፊት ባለው ደረጃ ነው። ዲሲው ደኅና ከሆነ አምፖሉን አውጥተው በቀጥታ ያብሩና በአንዱ የ0.33 ኦም ሪዚስተር ሁለት ጫፍ ላይ እየለኩ ባያሱን ቀስ ብለው ያሳድጉ። የፋብሪካው ቁጥር ካለ እሱን ይከተሉ፤ ከሌለ 10 ሚሊቮልት ማለት 30 ሚሊአምፔር ነውና ለእንዲህ ያለው መሣሪያ በቂ ነው። ሩብ ሰዓት ያቆዩትና እንደገና ይለኩ፤ እየጋለ ሲሄድ ባያሱ ያለማቋረጥ የሚያድግ ከሆነ የባያስ ትራንዚስተሩ ሙቀቱን እየተከታተለ አይደለም።

ክራርና ጊታር፦

ከቢዲ 139 ሽቦዎች አንዱ በእርግጥ ሶልደሩ ላይ ተሰንጥቆ ነበር፤ በፒንሳ ሲነካ ይወዛወዛል። አደስኩት። አምፖሉ ቦግ ብሎ ደበዘዘ፤ በመውጫው ላይ ያለው ዲሲ 18 ሚሊቮልት ነው፤ ባያሱም 10 ሚሊቮልት ላይ ቆሟል። ስፒከሩን አገናኝቼ ጊታሩን ሞከርኩ፤ ድምፁ ንጹሕ ነው። ወደ ፊት በሠርግ ላይ ድምፅ ሲያንስ ምን ላድርግ? በጀርባ ያለውን መውጫ ጨርሶ ልተወው?

የፍቼው፦

እንኳን ደስ ያለዎት። በዚያ መውጫ ላይ የሚጨመር ስፒከር በተከታታይ ካልታሰረ ይተዉት፤ በተከታታይ ቢታሰር ደግሞ 16 ኦም ሆኖ ኃይሉ ወደ ግማሽ ይወርዳልና ትርፉ ትንሽ ነው። የሚሻለው ከስፒከሩ ፊት ማይክሮፎን አስቀምጦ በትልቁ የድምፅ መሣሪያ በኩል ማጉላት ነው። የጊታር ገመድንም ለስፒከር አይጠቀሙ፤ ውስጡ ቀጭን ነው፤ ሲግል መሸፈኛው ቀልጦ ሾርት ያደርጋል።

የዓለም ከተማው፦

ጀነሬተር ላይ ከመሰካትዎ በፊትም ቮልቴጁን ይለኩ። ጭነት ሲቀንስ ሽቅብ የሚዘል ጀነሬተር 260 ቮልት ቢሰጥ ውስጥ ያሉት 35 ቮልቶች ከ41 በላይ ይሆናሉ። ቦርድዎ ላይ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች 50 ቮልት የሚል ከተጻፈባቸው ይችሉታል፤ 35 ቮልት የሚል ከሆነ ግን አሁኑኑ ይቀይሯቸው።

ክራርና ጊታር፦

50 ቮልት፣ 4700 ማይክሮፋራድ ናቸው። አመሰግናለሁ፤ ጥያቄው ተመልሷል።